የአምሳሉ አምስተኛ እርከን

አምሳሉ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የተጣላው በጎልፍ አይደለም፤ በሠርግ ነው። ጎልፍ የመጣው ቆይቶ፣ ሊታረቁ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ነው። ሰው ግን ወሬ ማሳጠር ስለሚወድ «በጎልፍ የተጣሉት ወንድማማቾች» ይላቸዋል፤ ብሎም ይስቃል። ሳቁ ነገሩን እስከ መጨረሻው ካልሰማ ሰው ነው የሚመጣው።

ፈንታ ለአምሳሉ ወንድም ብቻ አልነበረም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ አምሳሉ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቀው ፈንታ፣ ከሮብ ገበያ ከተማ ከፍ ብላ ባለች ማሳቸው ገብስና ድንች እያመረተ ታናሹን አስተማረ። ወንዝ በሞላ ቀን ልጁን በጀርባው አዝሎ ያሻግረዋል፤ ተመልሶ ያርሳል፤ ከሰዓት ደግሞ ወንዙ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። አምሳሉ አድጎ ደብረ ማርቆስ ላይ የስፖርት መምህር እስኪሆን ድረስ «አያ» ሲል ወንድሜም አባቴም ማለቱ ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የታናሹን ሠርግ ከገበያ የሰማው። አምሳሉ ከመቅዲ ጋር ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ሲፈራረም ለፈንታ ሰው አልላከም። መቅዲ የሐዋሳ ልጅ፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ድግስም አልፈለገች። «ፊርማ ብቻ ነው፤ አያን ለፊርማ ማድከም ነው» አለ አምሳሉ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ክብርህን ሲነፍግህ እንኳ ለጉልበትህ አስቦ ነው። ፈንታ ድንች ዘርግቶ እንደተቀመጠ አንዲት የአገር ሰው «እንኳን ደስ አለህ!» ብትለው «በምን?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያች «በምን» ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም።

ሽማግሌው አቶ አምደሚካኤል ዳገቱን አራት ጊዜ ወጡ፣ አራት ጊዜ ወረዱ። በአራተኛው ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ወንድምህ ምን አለ መሰለህ?» አሉት አምሳሉን። «‹በወግ ቢሆን ደጅ የሚጠናው ታናሽ ነው። እሱን ስጠብቅ ግን ዕድሜ አለቀ። እኔው እወርዳለሁ። እኔው ቀድሜ ስሙን እጠራለሁ። ቀና ብሎ አቤት አያ ካለኝ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል› አለ።»

«መቼ ይመጣል?»

«‹ቀን አልቆርጥም› አለ። ‹እንደ ሙግት ቀጠሮ አታርጉብኝ፤ ልቤ የፈቀደ ዕለት ነው› አለ። አንተ ብቻ ቤትህን ክፈት።»

አምሳሉ አለቀሰ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየገበያው ቀን መቅዲ ለአያ ብላ ወጥ ለይታ ታስቀምጣለች። ታላቅ ታናሹን ቀድሞ ሊጠራ ከደጋ መውረዱ ምን ማለት እንደሆነ እሷም ገብቷታል። ከአምሳሉ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር። አቤት።

በዚያው ወር ጎልፍ መጣ።

አንድ ረጂ ድርጅት ሰባት የብረት ዱላ፣ አሥራ ሁለት ነጭ ኳስና አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ለትምህርት ቤቱ ለገሰ። ትምህርት ቤቱ ጠመኔ የለውም፤ ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈስሳል፤ ጎልፍ ግን አለው። ከዱላው ጋር የመጣው ደብዳቤ እንደሚለው፣ በሁለት ወር ውስጥ ራሱን በመጽሐፏ ያሠለጠነ መምህር ባሕር ዳር ላይ ይፈተናል፤ ያለፈው የዞኑ የጎልፍ አሠልጣኝ ይባላል። አሠልጣኝ ሆኖ ማንን እንደሚያሠለጥን ደብዳቤው አያወራም። ደብዳቤ ሲባል እንደዚያ ነው፤ ጀምሮ መተው ያውቅበታል።

ርእሰ መምህሩ ጓዙን ለአምሳሉ ሰጡት። ደግሞም ደህና ሰው መርጠዋል። አምሳሉ ወረቀት ያምናል። በቤቱ ግድግዳ ላይ አሥራ አራት የሥልጠና ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ከነዚህ አንዱ «የጊዜ አጠቃቀም» ነው፤ እሱን ለመውሰድ አምስት ቀን ቁጭ ብሏል። በወረቀት የተጻፈ ነገር፣ በተለይ ቁጥር ከተሰጠው፣ ለአምሳሉ ከመሐላ አይተናነስም። መጽሐፏም ደግሞ «የጎልፍ ምት በሰባት እርከን» የምትል ናት። ሰባት ቁጥር። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አንደኛው እርከን አያያዝ ነበር። ይህ ብቻ አሥር ቀን ፈጀ። አምሳሉ ያደገው ምሳር ጨብጦ ነው፤ ምሳር ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ የመታው ነገር ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የጎልፍ ዱላ ግን መታ አድርጎ ማለፍ ነው የሚወደው። የመጀመሪያ ቀን ሣሩን እንደ ግንድ ፈለጠው። በሁለተኛው እርከን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ከወገቡ አጎንብሶ፣ መቀመጫው ግድግዳውን ሳይለቅ ዱላውን ወደ ኋላ ማንሳት ነበረበት፤ ተማሪዎች «መምህር ትምህርት ቤቱን እየገፋው ነው» አሉ። በሦስተኛው ከሁለቱም ብብቱ ሥር ፎጣ ሸጎጠ፤ ዱላውን ሲያዞር ፎጣው ከወደቀ እንደገና ከዜሮ። በአራተኛው ሁለት እግሩን አጋጥሞ ግማሽ ምት ብቻ ይመታል፤ ከዚያ እግሩን ይከፍትና ሙሉውን። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ቻለበት። ኳሱ ጥርት ያለ ድምፅ አውጥቶ ወደ ባሕር ዛፉ መሄድ ጀመረ።

አምስተኛው ላይ ቆመ። መጽሐፏ እንዲህ ትላለች፦ «ራስ አይነሣም። ኳሱ ከሄደ በኋላ ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ዐይን ኳሱ የነበረበትን ሣር ያያል። ራስ ከተነሣ ትከሻ ይነሣል፤ ትከሻ ከተነሣ ምቱ ይከሽፋል።»

ይህን የጻፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጎጃም ገብቶ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ወደ ገበያ ማቋረጫ ነው። በማቋረጫው ደግሞ ሰው ያልፋል። ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ሰላም የተባለም ቀና ሳይል አይመልስም። ሰላምታን አቀርቅሮ የሚሰማ ሌባ ነው፤ አለዚያም ደመኛ።

«እንደምን አደርክ መምህር?» አሉት እማማ ጥሩብርሃን፣ አንድ ጠዋት ቅል ይዘው ሲያልፉ።

ራሱ ተነሣ፤ ኳሱ ቦይ ገባ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«ተመስገን። ሚስትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ላምህስ?»

«ላም የለኝም እማማ።»

«ታዲያ ሣሩ ላይ ማቀርቀሩ ምንድን ነው? ቀለበት ጠፋህ?»

«ስፖርት ነው እማማ።»

«እግዚአብሔር ይገላግልህ ልጄ» ብለው አለፉ፤ ኀዘናቸውም ከልብ ነበር።

በአንድ ጠዋት ሠላሳ ሰው ያልፋል፤ ሠላሳ ኳስ ይከሽፋል። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው። አምሳሉ የሥራ ባልደረባውን ትዕዛዙን አማከረ። ትዕዛዙ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከሒሳብ ይልቅ የተካነው ግን በሰው ድምፅ ማውራት ነው። ርእሰ መምህሩን ሆኖ መምህራንን ለስብሰባ ጠርቶ ያውቃል፤ መጥተዋልም።

«ቀላል ነው» አለ ትዕዛዙ። «እኔ ከኋላህ ቆሜ እጠራሃለሁ። አንተ አትሰማም። ጆሮህን እናደነዝዘዋለን።»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ልምምድ የለም።»

«‹አምስተኛ እርከን፣ ንዑስ አንድ› በለው።»

ቁጥር ሲሰጠው አምሳሉ ተስማማ።

ትዕዛዙ በእማማ ጥሩብርሃን ድምፅ ስለ ላም ጠየቀው። በርእሰ መምህሩ ድምፅ ተቆጣው። በመቅዲ ድምፅ «ቤቱ ተቃጠለ!» አለው። መጀመሪያ ቀን ከአሥሩ ዘጠኙን ቀና አለ። በሳምንቱ ከአሥሩ ሁለቱን። ትዕዛዙ የሚጠራበት ሰው አለቀበትና፣ አንድ ከሰዓት፣ ሳያስብ አንድ ሌላ ድምፅ አወጣ። ኮሌጅ ሳሉ ሁለቱ አንድ ክፍል ነበሩ፤ ፈንታ ስንቅ ይዞ በመጣ ቁጥር ከበር ላይ እንዴት እንደሚጣራ ያውቃል። ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚጎተት ድምፅ ነበር።

«አምሳሉዋ!»

ዱላው ከእጁ ወደቀ። አምሳሉ ፊቱ እንደ ሕፃን በርቶ ዞረ፤ አፉ «አቤት» ሊል ተከፍቷል። ትዕዛዙን አየ።



«በእሱ አትጫወት» አለ አምሳሉ።

«በሁሉም ጥራኝ ያልከኝ አንተ ነህ እኮ። ይቅርታ፣ አፌ ነው።»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ዱላውን ጥሎ ቤቱ ቢገባ፣ ወይም በዚያው ዕለት ዳገቱን ቢወጣ! ነገር ግን አምሳሉ አፈረ። ያ የበራ ፊቱ፣ ያ የተከፈተ አፉ በሰው መታየቱ አሳፈረው። ሰው ደግሞ ሲያፍር ልቡን መጠየቅ ትቶ መጽሐፉን ይጠይቃል። ጎንበስ ብሎ ዱላውን አነሣ።

«እንደገና» አለ።

«ምኑን?»

«በአያ ድምፅ። ይህን ካለፍኩ ሌላው አይጥለኝም።»

ትዕዛዙ እምቢ አለ፤ ተለመነ፤ ጠራ። በዚያ ሳምንት ብዙ ጊዜ ጠራ። በመጀመሪያው ቀን የአምሳሉ አንገት ይንቀጠቀጥ ነበር። በአራተኛው ቀን የወንድሙ ድምፅ እንደ ባሕር ዛፍ ሹክሹክታ ሆነለት፤ ይሰማዋል፣ አይነካውም። መቅዲ ከሥራ ስትመለስ ቆማ አየች። ማታ እራት ላይ «ፈራሁህ» አለችው።

«ምን አደረግኩ?»

«ወንድምህ ሲጠራህ እንዳልሰማ መሆን ቻልክ።»

«ትዕዛዙ ነው እኮ የሚጠራኝ።»

«ጆሮህ ያንን ያውቃል?»

«መቅዲዬ፣ እርከን ነው። አንድ ሳምንት ነው የቀረው።»

እሷም ተነሥታ ለገበያው ቀን ወጡን ለይታ አስቀመጠች።

የገበያው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ መኪና አልነበረም፤ ከደጋ የሚመጣ ሁሉ በእግሩ ነበር የሚወርደው። አምሳሉ ሜዳው ላይ ብቻውን ነበር፤ ትዕዛዙ «እመጣለሁ» ብሎታል። ኳሱን አስቀመጠ፣ እግሩን ከፈተ፣ አጎነበሰ። ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ፤ ኮቴው ቆመ።

«አምሳሉዋ!»

«መጣ» አለ በሆዱ። ዐይኑን ኳሱ ላይ ተከለ።

«አምሳሉዋ፣ እኔ ነኝ።» ቀጥሎ ሳል መጣ፤ ደረቅ፣ ረጅም ሳል።

ጎበዝ፣ አለ አምሳሉ በልቡ፤ ዛሬ ሳል ጨመረበት። ዱላውን ወደ ኋላ ማንሳት ጀመረ።

«ወንድሜ፣ መጥቻለሁ እኮ።»

ዱላው ወረደ። በዕድሜው እንደዚያ መትቶ አያውቅም። ኳሱ ባሕር ዛፉን አልፎ ሄደ፤ እሱ ግን አላየውም፤ ሣሩን ነበር የሚያየው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ።

«አንተ ትዕዛዙ፣ ሳሉን ከየት አመጣኸው!» ብሎ እየሳቀ ዞረ።

ትዕዛዙ የለም። ከሜዳው ጫፍ፣ በሩ አጠገብ፣ ጋቢ የለበሰ ቀጭን ጀርባ ይሄዳል። ከኋላው አንድ በግ በገመድ ይጎተታል፤ ላልተጠራበት ሠርግ ያመጣው በግ።

አምሳሉ የሮጠው ዱላውን እንደያዘ ነው። አስፋልቱ ላይ ደረሰበት።

«አያ! አያ፣ ይቁሙ! አልሰማሁም!»

ያን ጊዜ ፈንታ ቆመ። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል።

«ሰምተሃል» አለው። «ትከሻህ ሲሰማ አይቼዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ፤ ግን… ራስ ማንሳት አይቻልም አያ። ሦስት እስኪቆጠር ድረስ አይቻልም።»

«ማን ነው የከለከለህ?»

«መጽሐፉ።»

ፈንታ መጽሐፍ ያከብራል፤ ስለማያነብ የበለጠ ያከብራል። «የማን መጽሐፍ? ዳዊት ነው?» አለ።

«አይ… የጎልፍ። ኳስ ነው፤ በዱላ ይመታና ጉድጓድ ይገባል።»

«ጉድጓድ ገብቶስ?»

«ይወጣና… ወደ ሌላው ጉድጓድ ይመታል።»

ፈንታ ዱላውን አየ፤ ወንድሙን አየ። ቁጣ ፊቱ ላይ ቢኖር ይሻል ነበር።

«እኔ ሦስት ጊዜ ስጠራህ፣ አንተ ሦስት ትቆጥር ነበር» አለ በዝግታ። «ደግ። ቁጠር።»

በጉን ሳብ አድርጎ ሄደ። አምሳሉ ሊከተለው አንድ እግሩን አነሣ፤ ገበያተኛው ዙሪያውን ቆሞ ያየዋል፤ እግሩን መልሶ አስቀመጠው። ሁልጊዜ ሲያፍር እንደሚያደርገው ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄዶ ተፈተነ፤ አንደኛ ወጣ። ራሱን እንደ ሐውልት ስላጸና ፈታኞቹ አጨበጨቡለት። አሥራ አምስተኛውን ምስክር ወረቀትና አንድ ባርኔጣ ሰጡት። ለምስክር ወረቀቱ መቅዲ ምስማር አልፈለገችለትም፤ እሱም አልሰቀለውም።

ሁለት ወር «ሽማግሌ ልላክ፣ ልላክ» እያለ ቆየ። በመጨረሻ አቶ አምደሚካኤል ራሳቸው መጡ። ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ወንድምህ አልጋ ይዟል። ያኔም ታሞ ነበር። ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል የተጻፈለትን ወረቀት በጋቢው ቋጥሮ ነበር የወረደው። ‹መጀመሪያ ከወንድሜ ልታረቅ፣ ከዚያ ሐኪሙ ያሻውን ያድርገኝ› ብሎ። ካንተ ሲመለስ ሆስፒታሉንም አላየው። በዚያው በእግሩ ዳገቱን ወጣ።»

መቅዲ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አምሳሉ «ወረቀቱ የታለ?» አለ፤ ለምን ይህን እንደጠየቀ እሱም አያውቅም።

በማግስቱ ሦስቱም ወጡ። ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ታጭዷል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ከፈንታ ቤት አጥር ሥር አምሳሉ እንደ በዳይ ወግ ከካቡ ላይ አንድ ድንጋይ አነሣ፤ ትልቅ ነበር፤ ትንሽ ቢያነሣ ኖሮ አቶ አምደሚካኤል ያስጥሉት ነበር። ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ አጎንብሶ፣ በር ገባ። የፈንታ ሚስት ደስታነሽ መደቡ ጫፍ ተቀምጣለች። አልተሳደበችም።

«ከትናንት ጀምሮ አይናገርም» አለች ብቻ። «ትናንት ጠዋት ብትመጣ ኖሮ ይናገር ነበር።»

አምሳሉ መደቡ ሥር ተንበረከከ። ከድንጋዩ በታች የሚያየው የቤቱን ወለልና የወንድሙን ጋቢ ጫፍ ነው። ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይመጣል።

«ፈንታ» አሉ አቶ አምደሚካኤል፣ አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠግተው። «ታናሽህ መጥቷል። እግርህ ሥር ነው። ድንጋዩን አውርድለት፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በለው።»

ትንፋሹ መጣ፣ ቆየ፣ መጣ።

«አቤት አያ» አለ አምሳሉ ከታች። «አቤት። አቤት።» ማንም አልጠራውም ነበር።

ደስታነሽ ተነሣች። የባሏን እጅ ከጋቢው ውስጥ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ወደ ድንጋዩ ልታቀርበው ጎተተችው። አቶ አምደሚካኤል ቀስ ብለው ክንዷን ያዙ።

«አይሆንም ልጄ» አሉ። «የተበደለው በራሱ ፈቃድ ካላወረደው እርቅ አይባልም። እኔም አንቺም ልናወርደው አንችልም።»

እጁን መልሳ ጋቢው ውስጥ አስገባችው፤ ሸፈነችው። መቅዲ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። አምሳሉ እንደተንበረከከ ቆየ። አንገቱ ደነዘዘ፤ ጉልበቱ ደነዘዘ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ትንሽ ረፍ» አሉት፤ «ሊነቃ ይችላል» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ትንፋሹ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ደስታነሽ ጮኸች፤ ጎረቤት በሩን ሞላው፤ ሰው በአምሳሉ ላይ እየተራመደ ወደ መደቡ አለፈ። አንዱ «ይሄ ማነው?» ሲል፣ ሌላው «ታናሹ ነው» ሲል ሰማ። ያለቀሱት ሁሉ አልቅሰው፣ ገናዥ መጥቶ ሰው ሁሉ «ውጡ» እስኪባል ድረስ ድንጋዩን የነካለት የለም።

ከዚያ አምሳሉ ራሱ በገዛ እጁ አወረደው። አቅፎ ወደ ደጅ አወጣው፤ ሰው እንዳይሰማ ቀስ አድርጎ ካቡ ላይ መለሰውና፣ ነጠላውን አደግድጎ ለቅሶው ውስጥ ገባ።